በእህቴ ላንቃ ላይ ያለው ነጥብ

ጥቅምት 4
እንደወትሮው ዋልኩ። ሐኪሙ አሥራ አንድ ሰው አከመ፤ ጥርስ ሲነቅልና ሲሞላ እኔ ዕቃ አቀብላለሁ፣ በቱቦ ምራቅ እመጥጣለሁ። ወገቤ ተቆረጠ።
ቤት ስገባ ታናሽ እህቴ አፏን ከፍታ ጠበቀችኝ። "እትዬ፣ ላንቃዬ ላይ ቀለም የፈሰሰ ይመስላል፤ እስቲ እዪልኝ።" በስልኬ መብራት አየሁ። ምስር የምታክል ጥቁር ነጥብ። ተኮፈስኩ። "ከሲጋራ ይመጣል፤ አታጨሺም። ከመድኃኒት ይመጣል፤ አትወስጂም። ሲፈጠርም አፉ የሚጠቁር አለ። ያንቺ ከድሮ የጥርስ ሙሌት ተርፎ ሥጋ ውስጥ የቀረ የብረት ብናኝ ነው። ልጅ ሆነሽ መንጋጋሽ ተሞልቶ የለ? እርሺው።"
"ሐኪሙን ከሥራ ልታስወጪው ነው" ብላ ሳቀች።

ታኅሣሥ 19
ነጥቡ ሰፍቷል። ሙሌት ይሰፋል እንዴ? ሐኪሙ ጋ ወሰድኳት፤ የሙሌት ብናኝ መስሎኝ እንደነበር ነገርኩት። በመስታወቱ ብዙ አየ። "አጠገቡ የተሞላ ጥርስ የታለ?" አለኝ። የለም። ሁሉም ደህና፣ ነጫጭ። "የወተት ጥርስ ይሆናል፣ ወልቆ..." አልኩ። ማንን ነው የማታልለው? ለምርመራ ናሙና ተወሰደ።

ታኅሣሥ 20
እማዬን ጠየቅኋት። "እሷማ መች ጥርሷን ታማ ታውቃለች! የተሞላልሽ አንቺ ነሽ። የሐኪሙን እጅ ነክሰሽ አሳፍረሽኝ የለ?" እየሳቀች ነው የምትነግረኝ።
የራሴን ጥርስ ነው ለእህቴ የሰጠኋት።

ጥር 2
ካንሰር ነው። ክፉው ዓይነት። ያን ቀን ሁሉንም ምክንያት ስደረድር ይሄን ዘለልኩት... እያወቅሁት። ሁለት ወር ተኩል ያለ ሕክምና አስቀመጥኳት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ጥር 27
ላንቃዋን ግማሹን አወጡት። ካንሰሩ አንገቷም ላይ ደርሷል፤ ከወራት በላይ አትቆይም አሉን። መናገር አትችልም፤ ደብተር ላይ ትጽፋለች። "መስኮቱን ክፈቺው።" "እማዬ በላች?"
ጥፋቱ የኔ መሆኑን አታውቅም። ልንገራት? ብትጠላኝስ? አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ አንሶላ አስተካክላለሁ። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

የካቲት 6
ነገርኳት። ሙሌቱ የኔ እንደነበር፣ ሳላጣራ እንደተናገርኩ፣ ሁሉንም። እያለቀስኩ።
ደብተሩን ሳበች። ቀስ ብላ ጻፈች።
"አውቅ ነበር። እኔ ጥርስ ተሞልቶልኝ አያውቅም። ፈርቼ ስለነበር እርሺው ስትዪኝ ደስ አለኝ። አንቺን ማመን ቀለለኝ።"
ከዚያ እጄን ያዘችኝ። እሷ እኔን ልታጽናና!
ምነው በሰደበችኝ።