ባለቤቱ ያልመጣ ጆንያ

ጥቅምት 4

ገበያ ነበር። ማሾውን የሰበሰበ ሁሉ ጆንያ ፈላጊ ሆኖ ዋለ። ሰው በአንድ ጆንያ ሩብ ሰዓት እንዴት ይከራከራል? ጉሮሮዬ ደርቋል። ሙቀቱም አልበረደም፤ ጥቅምት ነው ቢሉትም ከተማችን ሮቢት አልሰማም።

ዘጠኝ አማና ተቀምጦልኝ ዋለ። ከካራቆሬም ይምጣ ከማጀቴ፣ የቆላ ሰው ጓዙን እኔ ጋ ጥሎ ነው ገበያ የሚዞረው። «አማና» ብሎ አደራውን ከመደርደሪያው ኋላ ያስቀምጣል፣ ይሄዳል። ስም አልጠይቅም። አልፈታም። ሲመለስ በምን እንዳሰረው ይነግረኛል፣ እሰጠዋለሁ። እናቴ እዚሁ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስታደርግ አንድ መርፌ አልጠፋባትም። እኔም ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ትንሽ እኮራለሁ መሰለኝ... እኮራለሁ እንጂ! ሌላ ምን አለኝ?

ጎረቤቴ በርበሬ ነጋዴዋ እትዬ አስካለ ዛሬም ለከፉኝ። «አንቺ ልጅ፣ ጆንያ ሻጭ ነሽ ወይስ መናኸሪያ?»

ጥቅምት 8

ከትናንት ጀምሮ ተኩስ። ከባድ መሣሪያ ነው ይላል ሰዉ። ከደብረ ሲና የሚወርድ መኪና የለም። ኔትወርክም የለም። ልጄ ሒክማ ስልኳን እንደታመመ ሕፃን ታቅፋ ዋለች።

ጥቅምት 11

የምጽፈው መስመር አይይዝም። ፊደሉ ራሱ ተንጋዷል።

ገበያ ነበር። መንገዱ ትናንት ተከፍቶ ስለነበር ሕዝቡ ጎርፎ መጣ። አምስት ሰዓት ላይ ባጃጅ ማቆሚያው ጋ ፈነዳ። መጀመሪያ ጎማ መስሎኝ ነበር። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ የሰቀልኩት ገመድ ሁሉ ወረደ። ከዚያ ጩኸት። አንዲት ሴት ደም በደም ሆና የተበተነ ሽንኩርቷን ትለቅማለች። ሽንኩርት! ምን ነካት? እኔስ ምን ነካኝ፣ ቆሜ የማያት?

ቦምብ ነው አሉ። ማን ወረወረው? አንዱ ጫካ ያሉት ናቸው ይላል። አንዱ ሌላ ይላል። ሁሉም ድምፁን ቀንሶ ነው የሚለው። ሦስት ሰው ሞቷል። አንዱ ባጃጅ ነጂው ፈይሰል ነው፤ ትናንት ዕቃ ያመላለሰልኝ። ኢና ሊላሂ...

ወታደሮች መንገዱን ዘጉ። ባለአማናዎቹ እየተሯሯጡ መጥተው ጓዛቸውን ወሰዱ። አንድ ብቻ ቀረ፤ በሰማያዊ ገመድ የታሰረ ጆንያ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ከማጀቴ በኩል የመጡ መሰለኝ፤ ጢማቸው ሂና የተቀባ። ፊታቸውን ለማስታወስ ብታገል፣ ብታገል... እምቢ አለኝ። ሞተው ይሆን?

ጥቅምት 12

በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ዋለ። አስቸኳይ ጊዜ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ከቤት መውጣት የለም። ባጃጅ የለም። የማያውቀውን ዕቃ ያስቀመጠ ሰው ከጠላት ተለይቶ አይታይም።

ጆንያው ከባድ ነው። ሒክማ ልትጠርግ ስትገፋው ብረት ከብረት ጋ ተጋጨ። ሁለታችንም ዘለን መንገድ ላይ ተገኘን። ተያየን። ሳቅን። ከዚያ አለቀሰች።

«እማ፣ ፍቺውና እንየው።»

«አማና አይፈታም።»

«ቢፈነዳስ?»

«ሳይነኩት ምን ያፈነዳዋል?» አልኳት። የማውቅ ይመስል!

የምንተኛው ከሱቁ ጀርባ ነው። እኛና ጆንያውን የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነው።

ጥቅምት 14

እንቅልፍ የለም። እትዬ አስካለ «ወስደሽ አስረክቢና ተገላገይ» ይሉኛል። ሽማግሌው ነገ ቢመጡስ? «ፈራሁና ለወታደር ሰጠሁት» ልበላቸው? ባይመጡስ? ገመዱን ሁለት ጊዜ ይዤ ሁለት ጊዜ ለቀቅኩት።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅኩ። ክፉኛ የቆሰሉት ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደዋል፣ ሌላው ታሽጎለት ወደየቤቱ ሄዷል አሉኝ። «የሰውየው ስም ማነው?» አለችኝ ነርሷ። ስም? ለመጀመሪያ ጊዜ በእናቴ ደንብ ተናደድኩ። ስም መጠየቅ ምን ነበረበት?

ጥቅምት 16

ፍተሻ መጡ። አምስት ወታደሮችና አንድ ሻምበል። ወጣት ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ እሱም እንቅልፍ የለውም።

«ይሄ የማነው?»

«የኔ አይደለም።»

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። አንዱ ገመዱን በጩቤ በጠሰው። የመዳብ ሽቦ ጥቅል። ባትሪ። የብረት ቱቦ። ብሎን። ሻምበሉ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሒክማን አያት። ልጄን ሲያያት ወደ ኋላዬ ሳብኳት።

«ማነው ያስቀመጠው?»

«ሽማግሌ ናቸው። ጢማቸው ሂና ነው። ከማጀቴ በኩል ሳይሆኑ አይቀሩም።»

አልመታኝም። አልጮኸብኝም። አንድ ጊዜ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ጽፎ አስፈረመኝ። ጆንያውን ጭነው ሄዱ።

ሒክማ አቀፈችኝ። «ተገላገልን እማ።» ተገላገልን?

ጥቅምት 18

ሂና ጢም ያለውን ሽማግሌ ሁሉ እየለቀሙ ነው። ከመስጊድ በር፣ ከኬላ፣ ከመኪና ላይ እያወረዱ። አሥራ አንድ ደርሰዋል አሉ። ያ አላህ! የቆላ ሽማግሌ ግማሹ ሂና አይደለም እንዴ? እዚህ ተወልጄ ይሄ ይጠፋኛል? «ሁለት እግር አላቸው» ብዬ እንደመናገር እኮ ነው።

ገበያው አልቆመም። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ግን ወረፋ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ያሳመሩትን ጢም እየተላጩ ይወጣሉ። አገጫቸው ነጭ ሆኗል፣ የሕፃን ቆዳ መስሏል። አንዳቸው በሱቄ በር ሲያልፉ «አሰላሙ አለይኩም ልጄ» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ጆንያ የምቆጥር መሰልኩ።

ጥቅምት 21

ዐሥሩ ተፈቱ። አንዱ ቀሩ። «ጆንያው የኔ ነው፤ እነዚህን ልቀቋቸው» ብለው ራሳቸው ተናገሩ አሉ። ኸድር ይባላሉ። ጋሼ ኸድር... ስማቸውን ገና አሁን ማወቄ!

ሰዉ ሁሉ ያወድሳቸዋል። የጠቆመባቸውን ደግሞ ይረግማል። ገመድ ልትገዛ የገባች ሴት ፊቴ ቆማ፣ እጇን ዘርግታ ረገመች። «ቤቱ ይፍረስ! ልጁን አይይ!» «አሚን» አልኩ። ዝም ብል ልታውቅብኝ ነው። በራሴ ላይ፣ በልጄ ላይ አሚን አልኩ።

ጥቅምት 23

ልጃቸው መጣች። ጣይባ ትባላለች። ሃያ ዓመት አይሞላትም። ከማጀቴ ግማሹን መንገድ በእግሯ ነው የመጣችው። ለታሳሪ ስንቅ የሚገባው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ የዛሬውን አስገብታ የቀረውን «አማና» ብላ አመጣችው። እኔ ጋ! የፈተሿት ሁሉ አስለምደዋታል መሰለኝ፣ ቋጠሮውን ልትፈታልኝ ጀመረች።

«አትፍቺ!» አልኳት። ጮኼባት ኖሮ ደነገጠች።

ቆይቼ ስለ ጆንያው ጠየቅኳት፤ እንደ ዋዛ።

«የተፈታታ የመስኖ ፓምፕ ነዋ» አለች። «ስምንት ቤት ሽንኩርቱን በሱ ነው የሚያጠጣው። ሞተሩ ተቃጥሎ አባቴ ሊያስጠግነው አመጣው። ጠጋኙ ሰይፉ ሱቁን አልከፈተም ነበር። እስኪከፍት ዕቃውን አስቀምጦ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ ፈነዳ። ክንዱን ተመታ። ትንሽ ሲሻለው ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ ኬላው ላይ ያዙት።»

«የሽንኩርቱ ችግኝስ?»

«እየደረቀ ነው።»

ማደሪያ የላትም። እኔ ጋ እንድታድር ነገርኳት። ሌላውን አልነገርኳትም።

ጥቅምት 25

ሰይፉ ጋ ሄድኩ። «ሰይፉዬ፣ መጥተህ ፓምፕ ነው በልልኝ። አንተን ያምኑሃል።» ዓይኑን ከብሎኑ አላነሳም። «ሩዋይዳ፣ እኔም ልጆች አሉኝ።» ልሰድበው ነበር። በየትኛው አፌ?

እትዬ አስካለ ሱቃቸውን ቆልፈው ደብረ ሲና፣ ልጃቸው ጋ ወጡ። «ልጅሽን ያዢና አብረን እንሂድ፤ እዚህ ምን አለሽ?» አሉኝ። ቦርሳዬን እስከማውረድ ደርሼ ነበር... መልሼ ሰቀልኩት። ሰውየው ታስረው የት ነው የምሄደው?

ጥቅምት 27

ነገርኳት። ጎህ ሲቀድ ሱብሒ ሰግደን እንደተነሳን፣ ሒክማ ሳትሰማ።

«ጣይባ፣ አባትሽን ሂና ብዬ የጠቆምኩት እኔ ነኝ።»

መስገጃዋን እያጠፈች ነበር። ማጠፏን አላቆመችም።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ?»

«ከመጣሁበት ቀን። አንዱ ወታደር ነገረኝ። ጆንያ ሻጯ ናት አለኝ።»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን እኔ ቤት...?»

«እዚህ ከተማ ሌላ ማንን አውቃለሁ?»

መስገጃውን ቦታው መለሰች። ሻይ ጣደች። ለእኔም ቀዳችልኝ። ምነው አንድ ጊዜ እንኳ በጮኸችብኝ!

ጥቅምት 28

ሄድን። ወታደሮቹ ያሉት የድሮው እህል መጋዘን ውስጥ ነው። ሰይፉ ሱቁን ዘግቶ ጠፍቷል። ሻምበሉ ወረቀቴን አወጣ።

«'የኔ አይደለም' ብለሻል። ፊርማሽ ነው?»

«ነው። ግን ዋሽቻለሁ። አማና የተቀበለ ሰው ባለቤቱ እስኪመጣ ዕቃው የሱ ነው። ጆንያው የኔ ነበር። ውስጡ ያለውም ፓምፕ ነው፤ የሚያውቅ ሰው አምጥታችሁ አሳዩት። ለልጄ ፈርቼ ነው የካድኩት።»

«ይሄን ከጻፍኩት አንቺም ትጠየቂበታለሽ።»

«ይጻፍ።»

ጀግና መስዬ ነበር። ጠረጴዛውን ይዤ ነው ግን የቆምኩት።

ጋሼ ኸድርን አመጧቸው። ከስተዋል። ክንዳቸው ላይ ያለው ፋሻ ጠቁሯል። ፊታቸውን አሁን አየሁት፣ ደኅና አድርጌ። «ያውቋታል?» አላቸው ሻምበሉ። ትኩር ብለው አዩኝ። ሊረግሙኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እውነቱን ልጻፍ፣ ፈልጌውም ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ዕቃው ደኅና ነው?»

ገበያ ውሎ የተመለሰ ሁሉ የሚጠይቀኝን ነው የጠየቁኝ። «ደኅና ነው» ስል ነው የኖርኩት። አፌን ከፈትኩ...

«አላውቅም ጋሼ።»

«ሐቁን ተናግረሻል» አሉ። መልሰው አስገቧቸው።

ኅዳር 2

ገበያ ነበር። ሰው በሱቄ በር አለፈ፣ አለፈ። አማና ያስቀመጠ የለም። ወሬው ደርሷል። አልፈርድባቸውም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወታደር መጣ። ጋሼ ኸድር ገና አልተፈቱም፤ «ይጣራል» ነው መልሱ። እኔ ደግሞ ነገ ጠዋት ልብስ ይዤ እንድቀርብ ታዝዣለሁ። ለስንት ቀን ብዬ ጠየቅኩት። ልብስ ያዢ ነው የተባልኩት አለ።

እየፈራሁ ነው። ለምን እዋሻለሁ፣ ይሄን የማነበው እኔ ነኝ። ከጥቅምት 16 ጀምሮ የተሸከምኩት ነገር ግን ዛሬ ቀሎኛል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሒክማ ናት። እትዬ አስካለ የሉ። አባቷ ከሞተ አራት ዓመቱ። ማን ጋ ልተዋት? ዙሪያዬን አሰብኩ፣ አሰብኩ... ከዚያ ጣይባን ጠራኋት። ጓዳ ነበረች፣ ለአባቷ ቆሎ ትቆላለች። የሱቁን ቁልፍ አውልቄ መዳፏ ላይ አደረግኩት። ሒክማን እጇን ይዤ ጎትቼ አጠገቧ አቆምኳት።

«አማና» አልኳት።

አፌ ሲላት በራሴ አፈርኩ። አባቷን አሳልፌ ሰጥቼ ልጄን አደራ እላታለሁ? እምቢ ብትለኝ ሐቋ ነው። ቁልፉን አየችው። ሒክማን አየቻት። ሒክማ እያለቀሰች ነበር።

«እሺ» አለች።

ቁልፉን ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወደ ጓዳ ተመልሳ ቆሎውን ለሁለት ከፍላ ሁለት ስንቅ መቋጠር ጀመረች።