በጋሽ ጴጥሮስ ጓሮ የበቀለው ጊዛዋ

ውድ በፍቃዱ፣

ይህን ፖስትካርድ የምጽፍልህ ዲላ፣ ከድሮ መምህራችን ከጋሽ ጴጥሮስ ግቢ ሆኜ ነው። ስም መርሳት ጀምረው ተጨንቀዋል። ጎረቤታቸው ህንዳዊ መምህር ከእንሰቱ ሥር ጊዛዋ አይቶ፣ «በአገሬ ለአእምሮ ብለን ሥሩን በወተት እንጠጣለን። በአይጦች ላይ አንጎልን ከበሽታ ሲጠብቅ ታይቷል፤ በሰው ግን ገና አልተረጋገጠም» አላቸው። አዲስ አበባ ፋርማሲ ውስጥ ከህንድ መጥቶ በእንክብል የሚሸጠው ያው ተክል ማለት ነው።

ባለቤታቸው እትዬ ሙሉካ ደነገጡ። «እኔ እኮ የቡዳ ማጠኛ ለጴንጤ ቤት አይሆንም ብዬ በየዓመቱ እነቅለዋለሁ!»

«አየህ፣ ያስረሳችኝ እሷ ናት!» ብለው ጋሽ ጴጥሮስ እንባችን እስኪፈስ አሳቁን።

ልሄድ ስነሳ፣ «ያ ከኋላ ወንበር የሚያፏጨው በፍቃዱ ደህና ነው?» አሉኝ። ያለ ጊዛዋ፣ ስምህን ከነጥፋትህ አስታወሱ!

ፖስትካርዱ ሞላ። ባለቤትህን ሉሲንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ ለጋሽ ጴጥሮስም ዛሬውኑ ደውልላቸው።

ትንሳኤ