መቶ ሃያ የባቄላ ፍሬ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። የአላህ ሰላም ከደጅዎ እስከ መስገጃዎ ይሙላ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ባለፈው የላክሁት ቅባት አሻለዎት ወይስ እንደ ልማድዎ ለጎረቤት ሰጡት? ዓይንዎስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እርስዎን መዋሸት አልችልበትም። በልጅነቴ ስዋሽ ጆሮዬ እንደሚቀላ ይነግሩኝ ነበር። በወረቀትም ቢሆን የሚያዩብኝ ይመስለኛል።

በስልክ እንዳልነግርዎ ግማሹን ጆሮዎ አይሰማም፣ ግማሹን ኔትወርኩ ይበላዋል። ስለዚህ በርበሬ ነጋዴዋ ሽታዬ ወደ ይጁቤ ገበያ ስትወርድ ይህን ወረቀት በእጇ ሰጥቻታለሁ። የምታነብልዎ የእህቴ ልጅ ጀነት እንደምትሆን አውቃለሁ። ጀነት፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። የከበደሽን ቦታ አትዝለይ። ካለቀሱ ቆም በይና ውሃ ስጫቸው፤ ከዚያ ቀጥዪ።

ነገሩ የሚንሃጅ ነው። ልጄ ‘ለሱቁ ዕቃ ላመጣ ደምበጫ ደርሼ ልምጣ’ ብሎ ከቤት ከወጣ ዛሬ አርባ አንድ ቀኑ። በአምስተኛው ቀን ከጅቡቲ ድንበር ደውሎ ‘አባዬ፣ ባሕሩን ልሻገር ነው፤ ሳዑዲ ስገባ እደውልልሃለሁ’ እንዳለኝ ሰምተዋል። ያልሰሙት ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው።

ከእንጨት የምሠራቸውን ትንንሽ መርከቦቼን ያውቋቸዋል። ‘ኑሕም በደረቅ ምድር ላይ መርከብ የሠራው ታዝዞ ነው፤ አንተን ማን አዘዘህ?’ ብለው እርስዎ የሳቁብኝን ምራትዎ ፋጢማ እስከ ዛሬ ለእንግዳ ትናገረዋለች። ማንም አላዘዘኝም፣ እናቴ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከአሱር ሰላት በኋላ ጓሮ ካለችው ክፍል ገብቼ ዋንዛ ስፍቅ የኖርኩት ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሠራሁት በድሮ ዘመን ፖርቱጋሎች የሚጓዙበትን ዓይነት ነበር፤ ሆዱ ተንጋዶ ቀረ። ቀጥሎ ያ እንግሊዞች ሻይ ያመላልሱበት የነበረው ባለ ሦስት ምሰሶ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ሳንቃዎቹ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ ናቸው፤ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት እያለሰለስኩ፣ እያጎበጥኩ፣ አንድ በአንድ በኮላ እለጥፋቸዋለሁ። ዋንዛ ታዛዥ ነው፤ ካልቸኮሉበት አይሰነጠቅም። ምሰሶው ቀርከሃ፣ ሸራው አቡጀዲ፣ ገመዱ በሰም የታሸ የስፌት ክር ነው። እዚያ ስቀመጥ የመንገዱ መዘጋት፣ የተኩሱ ወሬ፣ የዕቃው መወደድ ሁሉ ከበር ውጭ ይቀራል። የሚያስጨንቀኝ አንዲት ቋጠሮ ብቻ ትሆናለች። ባሕርን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ንድፉን ከኢንተርኔት እየፈለገ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ የሚያመጣልኝ ሚንሃጅ ነበር። የመጨረሻዋን፣ ሳምቡክ የምትባለዋን የዐረቦች ጀልባ፣ የመረጠልኝም እሱ ነው። ‘ይቺን ሥራ አባዬ፣ የቀይ ባሕር ናት፣ ጎረቤታችን’ አለኝ። ለምን እሷን እንደመረጠ አልጠየቅሁትም። ሰፊ ሆዷን፣ ወደ ፊት ያዘመመ ምሰሶዋን አይቼ ወደድኳትና ወዲያው ጀመርኳት። ልጄ መንገዱን እያጠና እንደነበር የገባኝ ከሄደ በኋላ ነው። ፋጢማም ‘ባሕሩን እዚህ ቤት ያስገባኸው አንተ ነህ’ አለችኝ። ይህን ያለችኝ አንድ ቀን ነው። አልደገመችውም፤ መድገምም አላስፈለጋት።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ቀትር ላይ፣ ሱቅ እንዳለሁ ደወለ። ኦቦክ ከሚባል የጅቡቲ ዳርቻ ነው። አብሮት ጓደኛው ድረስ አለ። ድረስን ያውቁታል፤ ከሮብ ገበያ በላይ ከጮቄ ተራራ ሥር የመጣው፣ ከሚንሃጅ ጋር እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማረው፣ እርስዎ ቤት መጥቶ ‘አያቴ’ እያለ ማር የበላው ልጅ። ‘ጀልባ እየጠበቅን ነው፤ መቶ ሃያ ያህል ሰው ነን፣ ሁላችንም በአንድ ጀልባ ነው የምንጫን’ አለኝ። ቆይ፣ አትሂድ፣ ሳልለው ተቋረጠ።

ሱቁን ዘግቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ሳምቡኳ አልቃ ቀለሟም ደርቆ ነበር። በርዝመትም በወርድም በቁመትም ከእውነተኛዋ ሃምሳ እጥፍ ታንሳለች። በዚያ ልክ ሲሰላ አንድ ሰው ግማሽ ግራም ይመዝናል። ከፋጢማ ማድጋ ባቄላ ዘገንኩና መቶውን ፍሬ በሱቁ ሚዛን አስቀመጥኩት፤ ሃምሳ ግራም መጣ። አንድ ፍሬ፣ አንድ ሰው። ምነው እንዲህ ልክ ባልመጣ አልኩ። የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ውሃ ሞልቼ ሳምቡኳን አሳረፍኳትና አንድ በአንድ ጫንኩ። አሥር። ሠላሳ። ሰማንያ። መቶ ሃያኛዋን ሳስቀምጥ ጠርዟ ከውሃው ገና ከፍ ያለ ነበር። እውነቴን ነው፣ ሳቅኩ። ትችላቸዋለች አልኩ።

ይህን ጊዜ ፋጢማ ‘ምን እየሠራህ ነው?’ ብላ በሩን ስትከፍት ደንግጬ ሳፋውን በጉልበቴ ነካሁት። ትንሽ ነው የተነቃነቀው። ባቄላዎቹ ግን ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተንከባለሉ፤ ጀልባዋ በዚያው ጎን ዘመመች፣ ውሃ ጠጣች፣ ተገለበጠች። የባቄላ ፍሬ እንደማይንሳፈፍ አስቤበት አላውቅም ነበር። ሁሉም ከሳፋው ሥር ሄዶ ተኛ። ፋጢማ ምን እንደሆነ ሳልነግራት ገባት። እጇን እስከ ክርኗ ውሃው ውስጥ ከትታ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው፤ ከዚያም በነጠላዋ ጫፍ አደረቀቻቸው። ያንን ባቄላ እስከ ዛሬ አልቀቀለችውም።

በማግሥቱ ከስንት ሙከራ በኋላ ሚንሃጅን በስልክ አገኘሁትና የሳፋውን ነገር ነገርኩት። ‘ልጄ፣ ጀልባን የሚገለብጠው የሰው ብዛት ብቻ አይደለም፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ነው። ሲጫኑ ወደ ጎን ስታዘም ካየሃት አትሳፈር፤ ከተሳፈርክም ወርደህ ና’ አልኩት። ‘አባዬ ደግሞ፣ በሳፋ ባሕር ታውቃለህ?’ ብሎ ሳቀብኝ። ከኋላው የድረስም ሳቅ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ አሥራ ሰባት ቀን ስልኩ ዝም አለ።

እነዚያን ቀኖች እንዴት ብዬ ልንገርዎ? ስኳር የጠየቀኝን ጨው እሰጠው ነበር። በሬዲዮ ጀልባ ሰጠመ ሲባል ስንት ሰው እንደነበረበት ለመስማት ጆሮዬን እለጥፍና ቁጥሩ ሲነገር አጠፋዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የድረስ አባት አያ ምናለ ገበያ ይመጣሉ። አህያቸውን ከሱቁ ደጅ ያስራሉ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ይቆማሉ፣ ‘አብዱ፣ ልጅህ ደወለ?’ ይሉኛል። ‘አልደወለም’ እላቸዋለሁ። ‘እንግዲህ ድረስ ብዬ ስም ያወጣሁት እኔ፤ መድረሱን የሚነግረኝ አጣሁ’ ብለው ይሄዳሉ።

ሐሙስ ኅዳር አራት ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ሚንሃጅ ነው! ጅቡቲ ከተማ አንድ ምግብ ቤት ሳህን እያጠበ ነው። የሆነውን እያቋረጠ ነገረኝ። ጎህ ሲቀድ ደላሎቹ ከባሕሩ ዳር ወስደዋቸዋል። ‘አባዬ፣ ጀልባው አንተ እንደምትሠራው አይደለም። ምሰሶም ሸራም የለውም፤ ዝርግ ነገር ነው፣ ሞተር ብቻ’ አለኝ። ሰዉ ሁሉ በአንድ ጎን እየተንጠላጠለ ሲሳፈር ጀልባው ወደዚያው አዘመመ። ሚንሃጅ ተሳፍሮ ነበር፤ ያን ሲያይ ያልኩት ትዝ አለውና ወረደ። ድረስን እጅጌውን ይዞ ጎተተው። ድረስ ግን ‘ያንተ አባት ሱቅ አለው። እኔ በሬ ተሽጦልኝ ነው የመጣሁት፤ ወዴት ልመለስ?’ ብሎ እጁን አስለቀቀው። የሚንሃጅም ስልክ በድረስ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ አብሮ ሄደ። ጀልባው ከዓይኑ እስኪጠፋ ቆሞ አየው። ከዚያ ወዲህ ደረስኩ ብሎ የደወለ አንድም ሰው የለም። ‘በሦስተኛው ቀን ባሕሩ ጫማ አወጣ አባዬ፤ ብዙ ጫማ’ አለኝና አለቀሰ።

ስልኩን እንደያዝኩ በሱቁ ወለል ላይ ሱጁድ ወረድኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ አለ! ግንባሬን ከመሬት ሳነሳ አያ ምናለ አህያቸውን የሚያስሩባት ቋሚ ፊት ለፊቴ ታየችኝ፤ ደስታዬ እዚያው ሞተ።

በዚያ ቅዳሜ ሲመጡ አልነገርኳቸውም። እናቴ፣ ይህንን ነው የምናዘዝልዎ። ‘ልጅህ ደወለ?’ አሉኝ፤ ‘አልደወለም’ አልኳቸው። ጆሮዬ ነደደ። ትናንት ቅዳሜ ሲመጡ ከወንበር አስቀምጫቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። ዱላቸውን መሬት ላይ አስተኙና ‘ጀልባ ምን ዓይነት ነው? እኔ አላውቀውም’ አሉኝ። ሳምቡኳን ከጓሮ አምጥቼ ጭናቸው ላይ አኖርኩላቸው። በዚያ በእርሻ በሻከረ ጣታቸው ጠርዟን ዙሪያውን ዳሰሱት። ‘ድረስ የት ጋ ነው የሚቀመጠው?’ አሉኝ።

ጣቴን ከምሰሶው ሥር፣ ከመሐል፣ ማዕበል ከማይደርስበት ቦታ አኖርኩ። ‘እዚህ ጋ ነው፤ ጥሩ ቦታ ነው’ አልኳቸው። ያ ጀልባ ምሰሶ እንዳልነበረው አልነገርኳቸውም። ጣታቸውን እኔ ካሳየኋቸው ቦታ አኑረው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ‘ገና ይደውላል፤ ሰው በየት በየት ይወጣል’ ብለው አህያቸውን ፈትተው ሄዱ። ሰኞ እኔም ወደ እሳቸው ዘንድ እወጣለሁ፤ ሚስታቸው ከእሳቸው የሚሰሙትን ብቻቸውን እንዲሸከሙት አልፈልግም።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ሚንሃጅ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ‘ደግሞ እሞክራለሁ። ባዶ እጄን ተመልሼ አያ ምናለን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ፊት በገንዘብ የረዳኝ ሰው አሁንም አይጨክንብኝም’ አለኝ። ማን ነው አላልኩትም። ከምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ለመውሊድ እናንተ ዘንድ ከርመን ስንመለስ ፋጢማ መንገድ ላይ ‘የእናትህ ክንድ ምነው ቀለለ? የወርቁን አምባር አላየሁባቸውም’ ብላኝ ነበር። ሚንሃጅ ሐምሌን እርስዎ ዘንድ ሰንብቶ ከመጣ ብዙም አልቆየም ነበር። ‘ከስተዋል፤ እየወለቀ ቢያስቸግራቸው አስቀምጠውት ይሆናል’ አልኳት። ጀነት፣ አንቺም ሰው ቢጠይቅሽ እንዲሁ በይ። እኔም ለማንም ሌላ ነገር አልናገርም።

እናቴ፣ ያ ልጅ የሚሰማው እርስዎን ነው። እኔ ብቆጣው ይሸሸኛል፣ ፋጢማ ብታለቅስበት ስልኩን ይዘጋል። ዛሬ ወይ ነገ በጀነት ስልክ ይደውላል፤ ልቤ ይነግረኛል። ጀነት፣ መብራት ባለ ቁጥር ስልክሽን ሙዪ፣ ከእጅሽ አይለይ። ሲደውል፣ እናቴ፣ ሌላ ምንም እንዳይሉት። ‘ና’ ብቻ ይበሉት። የሚሻው ነገር ካለ ‘እጄ ባዶ ነው’ ይበሉት፤ የአያት ባዶ እጅ አያሳፍርም። ‘ሳልሞት ልይህ’ ይበሉት። ‘አያ ምናለን አብረን እናያቸዋለን፣ እኔ ከፊት እሄዳለሁ ብሏል አባትህ’ ይበሉት።

ልጅን ከሚወድ ሰው የሚመጣ ስሕተት ብዙ ነው። እኔ መርከብ ሠራሁለት። ሌላውም የሚችለውን አደረገለት። ክፉ ያሰበ ማንም የለም፤ ይህን ፋጢማም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

አላህ ዕድሜዎን በጤና ያርዝምልን። የጉልበትዎን ሕመም ያንሳልዎ። ዱዓዎ ከእኔ ይልቅ ቶሎ ይደርሳልና ለሚንሃጅ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ለድረስ ያድርጉልን። እኔ ለሁሉም አፉ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ። ለሁሉም፣ እናቴ። እርስዎም አፉ ይበሉኝ።

ልጅዎ