ሁለት ጊዜ የተቆጠሩት በሽተኞች

ውድ ወንድሜ፣

ስታርፍ አላለቀስኩም፤ ዛሬም አላለቀስኩም። ሰው ጠንካራ ናት ይለኛል። የምን ጥንካሬ፣ ደንዝዣለሁ እንጂ። ሥራ እገባለሁ፣ ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ እበላለሁ።

የልብ ሐኪምህ “ቀዶ ጥገና ወይስ ክኒን፣ በሁለት ሳምንት ወስን” ያለህ ጊዜ ቢሮዬ ድረስ መጣህ። ሥራዬ በየቦታው የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ አንድ መልስ ማውጣት እንደሆነ ታውቅ ነበር። ሶፍትዌሩ ላይ እያንዳንዱ ጥናት አንድ መስመር ይሆናል፤ የሁሉም ድምር ከታች በአልማዝ ቅርጽ ይወጣል። አልማዙ ከመሀል ወደ ግራ ከሄደ ክኒኑ ይሻላል፣ ወደ ቀኝ ከሄደ ቀዶ ጥገናው። አሥራ አንድ ጥናት አስገባሁ። ወደ ግራ ሄደ።

“በቃ፣ ፕሮፌሰሯ ካለች ማን ይከራከራል? ከቢላዋ ተረፍኩ!” ብለህ ሳቅክ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ክኒኑን በጀመርክ በሰባተኛው ወር ልብህ ቆመ።

ደንባችን እያንዳንዱን ጥናት ሁለት ሰው ለየብቻ እንዲያነበው ነው። ባልደረባዬ ፈቃድ ላይ ነበረች። ቀኑ እንዳያልፍብህ ብዬ የሁለተኛውን አንባቢ ቦታም እኔው ሞላሁት፣ በእሷ ስም። ባለፈው ሳምንት ፋይሉን ከፍታ፣ “እነዚህ ሁለቱ እኮ አንድ ናቸው” አለችኝ። እውነቷን ነው። አንድ ሆስፒታል እነዚያኑ በሽተኞች በሁለት ጽሑፍ አውጥቷቸዋል፤ የጸሐፊዎቹ ስም ቅደም ተከተል ስለተለወጠ ሌላ ጥናት መስሎኝ ነበር። ከሁሉም ትልቁ ደግሞ እሱ ነው። አንዱን አጥፍቼ እንደገና አሰላሁት። አልማዙ መሀሉ ላይ ቁጭ አለ፤ የቱ እንደሚሻል አይታወቅም ማለት ነው። ቀዶ ጥገናው ያድነኝ ነበር ወይ ብትለኝ፣ አላውቅም። ሳላውቅ ነው አውቃለሁ ያልኩህ።

ያንኑ ውጤት በኋላ በሕክምና መጽሔት አውጥቼው ስለነበር ማረሚያ ልኬያለሁ፤ በሰው ስም መሙላቴንም አልደበቅኩም። ያቃተኝ ለባለቤትህ መንገሩ ነበር።

ትናንት ሄድኩ። ሸሚዞችህን እያጣጠፈች ነበር። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ የያዘችውን ሸሚዝ ጭኗ ላይ አድርጋ፣

“እሱ ይህን ያውቅ ነበር?” አለችኝ።

“አያውቅም።”

“አንቺን እንዳመነ ነው የሄደው?”

“አዎ።”

“ተመስገን” አለችና ማጣጠፏን ቀጠለች።

ይቅር በለኝ ልልህ ነበር ብዕር ያነሳሁት። አንተ ግን ይቅር የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ሳታውቅ ሄደሃል።

እህትህ