ብርቱካን የገባበት ዓሣ

እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን

ይድረስ ለልጆቼ እናት፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኔ ጤና ነኝ። ጤና ነኝ ስል ጨጓራዬን ሳልቆጥር ነው፤ እሱ እንደምታውቂው ከጥንትም ከኔ ጋር ተስማምቶ አያውቅም። ብደውል እንደማታነሺ አውቃለሁ። ብታነሺም እንደ ልማዴ ነገሩን አበላሽቼ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። ወረቀት ቢያንስ አይጮህም።

አሁን የምነግርሽን ብትስቂበት አልቀየምም። ምግብ ማብሰል ጀምሬያለሁ። እኔ፣ ውኃ እንኳ ቀድተሽ የምታቀርቢልኝ ሰውዬ። ነገሩ የመጣው ባለፈው ዓመት ነው። የምሠራበት የበር ፋብሪካ የሚያበላን ደረቅ ዳቦና የቆርቆሮ ሥጋ ሆዴን ሲያቃጥለው ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙም ለስላሳ ነገር ራስህ እያበሰልክ ብላ፣ አለዚያ በሚቀጥለው በቃሬዛ ነው የምትመጣልኝ አለኝ።

የዚያኑ ሳምንት እሑድ ዱባ ገዝቼ ወደ ጋራ ወጥ ቤቱ ገባሁ። ስምንት ክፍል የሚጠቀምበት ነው፤ ምድጃው አራት ማብሰያ ቢኖረውም የሚሠራው ሁለቱ ነው፣ መስኮቱም አይከፈትም። ጨው ብዬ የጨመርኩት ለካ ስኳር ኖሯል፤ የዚህን አገር ጽሑፍ ገና በደንብ አላነብም። እሱን ላስተካክል ጨው ጨመርኩ፣ ጨውን ላስተካክል በርበሬ፣ በርበሬውን ላስተካክል ውኃ። ትንሽ ዞር ስል አረረና የጭሱ ደወል ጮኸ። የስምንቱም ክፍል ሰው በነጠላ ጫማ ወጣ። ሁሉም እያጉረመረመ ሲመለስ አንዲት ጎረቤቴ ብቻ ቀረች፤ ጡረታ የወጣች የአውቶብስ ሾፌር ናት። ማንኪያ ይዛ መጥታ ተቀመጠችና አቅርብልኝ አለችኝ። ይቅርብዎ ብላትም አልሰማችኝም። ሳህኑን ጨረሰችው።

"ሚስት የለህም?" አለችኝ ቀጥላ።

"አለችኝ። ያውም ባለሙያ።"

"ታዲያ ስትሠራ አይተህ አታውቅም?"

"እበላ ነበር እንጂ አላይም ነበር።"

ለቀልድ ያልኩት ነው። እሷ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ አንድ አዲስ ነገር እሞክራለሁ። ምስር በፖም አይሆንም፤ ማንም እንዳይሞክረው። ጎመን በተቆላ ለውዝ ግን ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ፣ ድንች በእርጎም ሾፌሯ ጨምርልኝ ብላኛለች። ሊጥ እስካሁን እምቢ ብሎኛል። ምን ያህል እንደጨመርኩ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ የቱ ጋ እንደተበላሸ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንድ ቀን "ሽንኩርቱ ቸኩሎ ገባ" ብዬ ስጽፍ እጄ ቆመ። ያንቺ ደብተር ትዝ አለኝ። ከሬዲዮ እየሰማሽ በትልቋ ልጃችን የሒሳብ ደብተር ጀርባ የምትገለብጪው። "ወጥ ቤቱን ላቦራቶሪ አደረግሽው፣ እኛ ደግሞ አይጦችሽ ነን" እልሽ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቂ ነበር። መሳቅ ያቆምሽው መቼ እንደሆነ አላውቅም።

የዓሣውን ቀን ግን አውቀዋለሁ። አምስት የሥራ ጓደኞቼን ምሳ ጠርቼ አንቺ ከጠዋት ጀምሮ ደፋ ቀና ስትዪ ዋልሽ። ዓሣውን በነጭ ሽንኩርትና በብርቱካን ጭማቂ ሠርተሽ፣ አዲሱን ቀሚስሽን ለብሰሽ፣ እጅሽን በሽርጥሽ እያበስሽ በሩ ላይ ቆምሽ። የምታዪው የእንግዶቹን አፍ አልነበረም፤ የኔን ነበር። ያኔ የምሠራበት የአናጢ ቤት አለቃ አሸተተና "ዓሣው ጉንፋን ይዞታል እንዴ፣ ብርቱካን የሰጣችሁት?" አለ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳህኑን ገፋ አድርጌ "ባለሙያ ያገባሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሐኪም ኖሯል ያገባሁት" አልኩ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አንቺ ሳህኖቹን አንስተሽ እንቁላል ጠብሰሽ አመጣሽ። ከዚያ በኋላ እዚህ እስክመጣ ድረስ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም አዲስ ነገር አላቀረብሽም። እኔ ሞኙ አደብ ገዛች እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።

ምግብ ቤት ልከፍት ነው ስትዪኝም በስልክ ምን እንዳልኩሽ አልረሳሁም። ስሜን መሳቂያ አታድርጊው ነው ያልኩት። አልተከራከርሽኝም፤ ዝም ብለሽ ከፈትሽው። ትልቋ እንደነገረችኝ ስድስት ጠረጴዛ አለሽ፣ በምሳ ሰዓት ሰው ደጅ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ጠረጴዛዎቹን ሌላ አናጢ ነው የሠራልሽ አሉ። ስሰማ ተናደድኩ፤ አናጢ ባል እያላት ብዬ። ውዬ ሳድር ግን ምን ብላ ትጠይቀኝ አልኩ።

የላክሽው የፍቺ ወረቀት ከደረሰኝ ሦስት ወር አለፈው። ያቆየሁት ልጎዳሽ ብዬ አይደለም። ያንን ዓሣ ልሠራው እየሞከርኩ ነበር። መጀመሪያ መረረ፣ ቀጥሎ ፈራረሰ፣ ባለፈው እሑድ ግን ተሳካ። ሾፌሯ ቀምሳ ማን አስተማረህ አለችኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ጣዕሙን አውቀው ነበርና። ያን ቀን እንግዶቹን ልትሸኚ ስትወጪ ወጥ ቤት ገብቼ ቆሜ በእጄ ሦስት ቁራጭ በልቻለሁ። ጣፋጭ ነበር። የሳቅኩት እነሱ ቀድመው ስለሳቁ ነው። ተመልሰሽ ድስቱን አየሽና "የጎረቤት ድመት በመስኮቱ ገብታለች" አልሽ። እኔም ሳትገባ አትቀርም አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሙቀት ቢያፍንሽም ያንን መስኮት ከፍተሽው አታውቂም። በየቀኑ አይ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ወረቀቱን ፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ቤቱም ላንቺና ለልጆቹ እንዲሆን ከሥሩ በእጄ ጽፌበታለሁ። ይቅር በዪኝ ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን ይቅርታዬንም እንደ ምግብ ከበረደ በኋላ ነው ያቀረብኩልሽ።

ሌላው ወሬ፣ እዚህ ያለኝ ኮንትራት ሰኔ ላይ ያልቃል። እንዲታደስ ፈርም ብለውኛል። እሱን ገና አልፈረምኩም።

እጅሽ አይዛል። ከደጅሽ ተራ ጠባቂ አይጥፋ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

የልጆችሽ አባት