አልነሳ ያለው ኮምፒውተር

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ? እኔ ደህና ነኝ፤ ንዴቱ ቢተወኝ ደግሞ ከዚህም በላይ ደህና እሆን ነበር። ይህን ማንም አልጻፈልኝም፤ የገዛ እጄ ነው። የማታ አስተማሪዬ ፊደሌ እንደ ስፌቴ ቀጥ ያለ ነው ብላለች፤ ለጎረቤት ንገሪ።

ለትየባ ሱቅሽ ቃል የገባሁልሽን ኮምፒውተር ፋብሪካችን አርጅቷል ብሎ ሰጠኝ። እሱ እስኪከፈት ግን ሰው ይሸብታል። የፋብሪካው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሊኑክስ ጫንበት አለኝ። አንቺ ትየባውን እንጂ ውስጡን አታውቂም፤ ላስረዳሽ። ኮምፒውተር ያለ ሥርዓተ ክወና፣ ያለ አንቀሳቃሹ ፕሮግራም ማለት ነው፣ ቆርቆሮ ነው። ሌሎቹ ሥርዓቶች የተሰፉበትን ቅድ ይደብቃሉ፤ ሊኑክስ ግን ቅዱን ለሁሉም ዘርግቷል፤ የፈለገ ያያል፣ ያስተካክላል፣ በነፃ ያድላል። ስለዚህ በዚያ ቅድ የሚሰፋው ሰው በዛ፣ ስፌቱም ዓይነቱ በዛ፦ ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ሚንት፣ አርች። ልባቸው አንድ፣ አመላቸው ለየቅል።

ጠጋኙ ሚንት ለጀማሪ፣ አርች ሁሉን በእጁ ለሚገጥም ነው አለ። እኔ ጀማሪ ልባል? አርችን ስጠኝ አልኩት። «አንተ እኮ ፊደል የቆጠርከው ገና አሁን ነው» ሲለኝ ደሜ ፈላና አርች ያለበትን ፍላሽ ይዤ ወጣሁ።

ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውን ሁሉ ደመሰስኩት። ከዚያ ወዲህ ጥቁር መስታወት ላይ አንዲት ጭረት ብልጭ ድርግም ትልብኛለች። እዘዘኝ ትላለች፤ ምን ብዬ እንደማዝ ግን አትነግረኝም። የእረፍት ቀኖቼን ሁሉ በላችብኝ። ዕቃሽን የሚያደርሰው ሹፌር ነገ ይነሳል፤ እሱ ካመለጠ ሱቅሽ ወንበርና ጠረጴዛ ብቻ ሆኖ ሊከፈት ነው።

ዛሬ አንገቴን ደፍቼ ሚንትን ለመንኩት። ጠጋኙ አልሳቀብኝም፤ ይኸው ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ። ኮምፒውተሩ ቋንቋ ምረጥ ሲለኝ ከዝርዝሩ መሐል «አማርኛ» የሚለውን በገዛ ዓይኔ አነበብኩ። ግማሹ ግን እንግሊዝኛ ሆኖ ቀጠለና እንደገና አበገነኝ። ማተሚያሽን ይቀበል አይቀበል አላውቅም፤ ካስቸገረሽ እኔን እንጂ እሱን አትርገሚ።

በመጨረሻ የባለቤቱን ስም ጠየቀኝ። ማን እንዳሸነፈው ይታወቅ ብዬ የራሴን ልጽፍ ነበር፤ ግን «እታለም» አልኩት። የይለፍ ቃሉ በልጅነቴ ያወጣሽልኝ ስም ነው፤ ጉረኛው። በእንግሊዝኛ ፊደል ያስጻፈኝ ጠጋኙ ነው፣ በጣም ደስ እያለው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ማብሪያውን እንዳይነካ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ።

እንግዲህ ጠዋት ጠዋት እኔን ካልጠራሽ ሱቅሽ አይከፈትም።

ወንድምሽ
ከፋብሪካው ማደሪያ፣ ረቡዕ ከሥራ መልስ