አባባ የማይዞርበት ጎን

ለምናፍቅህ ወንድም ጋሼ፦

እንደምን ሰነበትክልኝ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ሲጋራውን ከሚስትህ እየደበቅክ ነው? ልጆቹስ በረቱ? እኔም አለሁ፣ መኖር ከተባለ።

የአባባ የወገቡ ኦፕራሲዮን በደህና አለቀ፤ ቁስሉም ደርቋል። ያስቸገረን መነሳቱ ነበር። ፊዚዮቴራፒ የምታሠራው ልጅ፣ እሱ «ኮማንደሯ» ነው የሚላት፣ ወገቡን ሳያጣምም ትከሻና ዳሌውን አንድ ላይ አዙሮ በጎኑ ይሁን፣ ከዚያ እግሩን አውርዶ በእጁ እየተደገፈ ይቀመጥ አለች። በዚህ ዕድሜው ተኝቶ ከከረመ እግሩ ይከዳዋል ብላም አስጠነቀቀችኝ።

አልጋቸውን ታውቀዋለህ፤ እሱ ግድግዳው ጋ፣ እማዬ በበሩ በኩል ነበር የሚተኙት። ለመነሳት የግድ በእማዬ በኩል መዞር አለበት። እሱ ግን እሷ ካረፈች ወዲህ ያንን ጎን በእጁም አይነካው። «እንዴት አድርጌ እላይዋ ላይ እዞራለሁ?» ይለኛል፣ አእምሮው እኮ ደህና ነው። አልጋውን ላዙረው ብል «እሷስ የት ልትተኛ ነው?» ብሎ ተቆጣኝ። በግርጌ በኩል እጁን ይዤ ጎትቼ ላስነሳው ስታገል ደግሞ ኮማንደሯ ደረሰችና ልክ ልኬን ነገረችኝ፤ ለካ የተሰፋውን ወገብ እያጣመምኩት ኖሯል።

ከቀን ወደ ቀን መነመነ። እግሩ ከስቶ የልጅ እግር አከለ። በቃ እሱም ሊያመልጠኝ ነው አልኩ። አንድ ጠዋት ቢታክተኝ ባዶውን ትራስ እያየሁ፣ እማዬ እስቲ ተነሽለት፣ ሊዞር ነው አልኩ። ምን እንዳናገረኝ እንጃ። ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ልክ እንደተነገረው ዞረ፣ እግሩን አወረደ፣ ተቀመጠ፤ ምርኩዙን ይዞ እስከ በሩ ሄደ። አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ተነሽለት እላታለሁ፣ እሱም ይነሳል። አሁን ግቢውን ይዞራል፤ በኮማንደሯም ያሾፍባታል። ትናንት ስገባ ግን ቀድሞኝ ተቀምጦ አገኘሁት። «እናትሽ ዛሬ ሳትቀሰቅሻት ተነሳች፣ ወጥ ቤት ናት» አለኝ። ወንድም ጋሼ፣ ከተኛችበት ያስነሳኋት እኔ ነኝ። ተመልሰሽ ተኚ ብዬ እንዴት ልበላት? ከትናንት ጀምሮ ወጥ ቤት የምገባው እንዳላስደነግጣት ጉሮሮዬን ጠርጌ ነው።

ባለቤትህን በጣም ሰላም በልልኝ። ትልቁን ጎረምሳ፣ ያችን ነገረኛ ትንሿንም ሳምልኝ። አባባ ናፍቆቱ አይጣል ነው፣ ሰላም ብሎሃል። የእማዬንም ሰላምታ አብረሽ ጻፊ አለኝ፤ ጽፌልሃለሁ።

እህትህ
ከአባባ ክፍል፣ ሚያዝያ 9 ቀን